ዲግሪው ለማዕረጉ ነው ወይስ ለመዝገቡ?

የጠያቂያችን ደብዳቤ በአጭሩ፦

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኮምቦልቻ የምሠራ ፖሊስ ነኝ። ማዕረጌ ምክትል ሳጅን፣ ዕድሜዬ 30 ነው። 10ኛ ክፍል እንደጨረስኩ ሥልጠና ገባሁ፤ ኋላ በማታ ደረጃ 4 ተምሬ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) አልፌያለሁ። ከጥበቃ ወደ ምርመራ ተዛውሬ አሁን የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ላይ ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ደሴ እየተመላለስኩ ቅዳሜና እሁድ ሕግ ልማር አስቤያለሁ። እዚሁ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ደግሞ በርቀት የሥራ አመራር ዲግሪ ‹ቶሎ ትጨርሻለሽ› ይለኛል። ጓደኞቼ ‹ፖሊስነት የሚማሩት ጣቢያ ነው፤ ዲግሪ ያለውም የሌለውም እኩል ነው ግዳጅ የሚወጣው› ይላሉ። ሐቁን ልንገራችሁ፤ ዘንድሮ ሁለት መዝገብ ከዐቃቤ ሕግ ተመልሶብኛል፣ አንዱ በማስረጃ ማነስ ተዘግቷል። ልማር ወይስ ይቅር? ብማርስ የቱን? ፈረቃውንና ልጆቹንስ እንዴት አድርጌ?»

እህታችን፣ አብሽሪ። መልሱን ግማሽ መንገድ ራስሽ ይዘሽው መጥተሻል። በደብዳቤሽ ስለ ማዕረግ ብዙ አላልሽም፤ ያንገበገበሽ የተመለሰው መዝገብ ነው። ትክክል ነሽ። ለፖሊስ የዲግሪ ጥቅሙ የሚለካው መዝገቡ ላይ ነው፣ ስለዚህ እኛም ከዚያው እንጀምር።

መዝገብ ለምን ይመለሳል? በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 38 ዐቃቤ ሕግ የምርመራ መዝገብ ሲደርሰው ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግ ማዘዝ ይችላል። ለማስቀጣት የሚበቃ ማስረጃ የለም ካለ ደግሞ በአንቀጽ 42 ክስ አይመሠርትም። እንዲህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ መርማሪው ሰንፎ አይደለም። ሮጦ፣ ምስክር አምጥቶ፣ ገጽ በገጽ ሞልቶ፣ ሕጉ የሚፈልገውን አንድ ፍሬ ነገር ሳይጠይቅ ስለሚቀር ነው።

ከአንቺው ጠረጴዛ አንድ ምሳሌ እናንሳ። ባሏ ደብድቧት የመጣች ሴት አለች እንበል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት ከ555 እስከ 560 ወዳሉት አንቀጾች ይመራዋል። 555 ከባድ የአካል ጉዳት ነው፤ ሕይወትን ለአደጋ ያጋለጠ፣ ጤናን ለዘለቄታው የጎዳ፣ አካልን ያጎደለ ወይም ከጥቅም ውጭ ያደረገ። 556 ከዚያ የቀለለውን ይይዛል። 560 ደግሞ ጉዳት ያላስከተለ የእጅ እልፊት ነው። አሁን ለሆስፒታሉ የተጻፈው ደብዳቤ «የሕክምና ማስረጃ ይሰጣት» ብቻ ከሆነ ሐኪሙ «ግራ ክንዷ አብጧል» ብሎ ይመልሳል። ዐቃቤ ሕጉ በዚያች መስመር 555ን ከ556 ሊለይ አይችልም፤ መዝገቡ ተመልሶ ጠረጴዛሽ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ አራት ነገር ለይተሽ ጠይቂ፦ የጉዳቱ ዓይነት ምንድን ነው? በምን ዓይነት ነገር ሊደርስ ይችላል? ሕይወቷን አደጋ ላይ የጣለ ነው? ዘላቂ ጉድለት ይተዋል? ክንዱ እስኪድን መልሱ የማይታወቅ ከሆነም የመጨረሻው የሕክምና ማስረጃ የሚሰጥበትን ቀን አስጽፊ።

ይህንን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም ትይን ይሆናል። እውነትሽን ነው፤ ይቺን አንዷን ዛሬ ያለ ክፍያ ወስደሻል። የሕግ ትምህርት ጥቅሙ ማንም ሳይነግርሽ ከየትኛውም አንቀጽ ላይ እንዲህ ያሉትን ጥያቄዎች ነቅሰሽ ማውጣት ማስቻሉ ነው። ነገ የማጭበርበር ወይም የእምነት ማጉደል መዝገብ ሲሰጥሽ ካለፈው ዓመት መዝገብ መገልበጥ አያሻሽም።

የምስክር ቃል አጻጻፍም እንዲሁ ነው። «ተጠርጣሪው በጭካኔ ደበደባት» የሚለው ዓረፍተ ነገር የጸሐፊው ፍርድ እንጂ ምስክሩ ያየው ነገር አይደለም። ይልቁን «በሩ ላይ ቆሜ፣ 4 ሜትር ያህል ርቄ፣ በቀኝ እጁ በያዘው ዱላ ግራ ክንዷን ሁለት ጊዜ ሲመታት አየሁ፤ የበረንዳው መብራት በርቶ ነበር» ብለሽ ጻፊ። ርቀት አለው፣ ብርሃን አለው፣ እጁ ተለይቷል፣ ምቱ ተቆጥሯል። ሦስት ምስክሮች ቃል በቃል አንድ ዓይነት ከተጻፈላቸው ደግሞ ጠበቃው ችሎት ላይ የመጀመሪያ ጥያቄው «ይህን ማን አጻፋችሁ?» ነው። እያንዳንዱ ሰው በራሱ አነጋገር ይጻፍ፤ ልዩነቱ አያስፈራሽ።

የሕፃናቱ ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። ልጅ ትልቅ ሰውን ማስደሰት ይወዳል፣ ለጠየቀው ሰው «አዎ» ማለት ይቀናዋል። «አጎትሽ ነው አይደል የነካሽ?» ተብላ አንዴ የተጠየቀች የ7 ዓመት ልጅ ከዚያ በኋላ የምትናገረው ያየችው ይሁን ከጥያቄው የሰማችው መለየት አስቸጋሪ ነው፤ ጥፋተኛው በእርግጥ አጎቷ ቢሆን እንኳ መዝገቡ ተበላሽቷል። ጥያቄሽ ክፍት ይሁን፦ «የዚያን ቀን የሆነውን ንገሪኝ»፣ «ከዚያስ?»፣ «ስለ እሱ ትንሽ ጨምሪልኝ»። ስም መጀመሪያ ከእሷ አፍ ይውጣ። ሳታውቅ «አላውቅም» ማለት እንደምትችል አስቀድመሽ ንገሪያት። እናቷ፣ ነርሷ፣ አንቺ፣ ከዚያ ደግሞ አለቃሽ እየተፈራረቃችሁ አትጠይቋት፤ በተደጋገመ ቁጥር ታሪኩ ይለዋወጣል፣ ልጅቷም ትጎዳለች። ይህ እንግዲህ ከሕግ ይልቅ የሥነ ልቦና ትምህርት ነው፤ የትምህርት ዓይነት ስንመርጥ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ጓደኞችሽ። የሚሉት ግማሹ እውነት ነው። የሚያለቅስ ሰው አያያዝና ገበያ መሐል የሚነሳ ጠብ ማብረድ ክፍል ውስጥ አይገኝም። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በሁለት የአሜሪካ ከተሞች ፖሊሶች ላይ የተደረገ ጥናት ኮሌጅ የተማሩት ካልተማሩት ጋር ሲነጻጸሩ በመያዝም በመፈተሽም ለውጥ እንዳላሳዩ አገኘ። ኃይል መጠቀም ላይ ግን የተማሩት በግልጽ ያንሱ ነበር። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ያልተነሳ ዱላ ያልተጎዳ ሰው ነው፤ ለአንቺም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424፣ ተጠርጣሪን ተገቢ ባልሆነ ዘዴ በመመርመር፣ አለመከሰስ ነው። በማስገደድ የተገኘ ቃል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ማስረጃ ሆኖ ስለማይቀርብ መዝገቡም አያተርፍም። ኖርዌይን የመሰሉ አገሮች ፖሊስ የሚያሰማሩት የሦስት ዓመት ዲግሪ ካስጨረሱ በኋላ ነው።

ጣቢያ ብቻውን የማያስተምረው ደግሞ አለ። በኮምቦልቻና ደሴ መካከል ባለው የሐረጎ ዳገት ላይ ተሽከርካሪ ሰው ገጭቶ 20 ሜትር የፍሬን ምልክት ተገኘ እንበል። በደረቅ አስፋልት የፍትጊያው መጠን 0.7 ቢወሰድ ሜዳ መንገድ ላይ ፍጥነቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መንገዱ 8 በመቶ ቁልቁለት ከሆነ ያው 20 ሜትር የሚያሳየው 56 ገደማ ነው። አስፋልቱ ረጥቦ ፍትጊያው ወደ 0.4 ወርዶ ከነበረ ሜዳ ላይ እንኳ 45 ብቻ ነው። ቁልቁለቱንና ዝናቡን ያልጻፈ ትራፊክ ፖሊስ ሾፌሩን ባልነዳው ፍጥነት ያስከስሰዋል። ደም የነካው ልብስም እንዲሁ ነው፤ እርጥቡን በፌስታል ከታሰረ ይሻግታል፣ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ እስኪደርስ ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ለምርመራ የማይሆን ጨርቅ ይሆናል። በጥላ ደርቆ፣ እያንዳንዱ ለብቻው በወረቀት ፖስታ ታሽጎ፣ ከየት፣ መቼ፣ በማን እንደተነሳና ለማን እንደተሰጠ ተጽፎበት ይሂድ። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አንድ ፊርማ ከጎደለ ጠበቃው የሚገባው በዚያ ቀዳዳ ነው።

የቱን ትማሪ? በእኛ ግምት ሕግ። ምርመራ ላይ መቆየት የምትፈልጊ ከሆነና መዝገብሽ የሚመለሰው በፍሬ ነገር ጉድለት ከሆነ ሌላው ትምህርት ያንን አይሞላልሽም። ይሁንና ረጅም ነው። በመደበኛ 5 ዓመት የሚወስድ በመሆኑ ቅዳሜና እሁድ ከዚያ በላይ እንደሚሄድ አስቢ። ያ ከብዶሽ፣ ከሕፃናቱ ጋር ያለው ሥራ ደግሞ ልብሽን ከሳበው ሥነ ልቦና ወይም ሶሻል ወርክ ጥሩ ምርጫ ነው። የሥራ አመራር ለአስተዳደር ወይም ለሰው ሀብት ክፍል እንጂ ላንቺ ጠረጴዛ ብዙ አይረባም፤ «ቶሎ ያልቃል» ደግሞ ለትምህርት ምክንያት አይሆንም። በ1939 አባዲና ተብሎ የተመሠረተው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የሰንዳፋው ተቋም ለሙያው ከሁሉም የቀረበ ነው። ሆኖም በአብዛኛው የሚገባበት በመሥሪያ ቤት ተመልምሎ በመላክ ነው፣ ሁለት ልጆችን ትቶ መሄድንም ይጠይቃል። ዕድሉ ሲወጣ ስምሽ እንዲታይ ለመምሪያው በጽሑፍ አሳውቂና ሥራሽን ቀጥዪ።

ወደ ግል ኮሌጅ ከሄድሽ አንድ ነገር አትርሺ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ ለመደበኛ ወይም ለርቀት ለየብቻው ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፈቃድ የአዲስ አበባው ካምፓስ ሊሆን ይችላል። የኮምቦልቻው፣ የርቀቱ፣ የዚያው ዲግሪ መሆኑንና ጊዜው አለማለፉን አንብበሽ ቅጂውን ውሰጂ። ሁለተኛው ወንፊት የመውጫ ፈተናው ነው። በ2015 ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሲጀመር ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከተፈተኑት 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ ከግሎቹ ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከ50 በመቶ በታች ያመጣ ሰው ክፍያውን ሁሉ ከፍሎም ዲግሪ አይቀበልም። «ካለፈው ዙር ስንት ተፈትኖ ስንት አለፈ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ሬጅስትራሩ የሚያድበሰብስ ከሆነ መልስሽን አግኝተሻል። የሕግ ተማሪዎች ይህ ፈተና ለሁሉም ከመምጣቱ በፊትም ይፈተኑ ስለነበር የሕግ ትምህርት ቤቶች ዝግጅቱን ቀድመው ለምደውታል።

ለመግቢያው፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ያለው ግቢ የቴክኖሎጂ ስለሆነ ለሕግ የምትጠይቂው ደሴ ነው። የ10ኛ ክፍል ውጤትሽን፣ የደረጃ 4 ዲፕሎማሽን፣ የሲኦሲ ወረቀትሽንና የሥራ ልምድ ደብዳቤሽን ይዘሽ ሬጅስትራር ሂጂ፤ በዚህ ማስረጃ ለሕግ ትመዘገቢ እንደሆነና በዘንድሮው ማስታወቂያ የቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር መከፈቱን አረጋግጪ። የመግቢያ መመሪያ ከዓመት ዓመት ስለሚለወጥ አምና የገባ ጓደኛ ወሬ አይበቃም። ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ከተማርሽበት ኮሌጅ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው እንዲላክ ዛሬውኑ አመልክቺ፤ ብዙ ሰው ምዝገባ የሚያመልጠው በዚህች አንድ ፖስታ ነው።

ማንም የማይነግርሽ ትልቁ እንቅፋት እንግሊዝኛ ነው። መዝገብሽ በአማርኛ፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ከ10ኛ ክፍል የወጣና ዓመታት የቆየ ሰው መጀመሪያ የሚወድቀው በሕጉ ሳይሆን በቋንቋው ነው። መድኃኒቱ በእጅሽ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ በአንድ ገጽ በግራ አማርኛውን፣ በቀኝ እንግሊዝኛውን ይዞ ይወጣል። ምዝገባ ከመድረሱ ሦስት ወር በፊት ጀምረሽ በየማታው አንድ አንቀጽ በሁለቱም ዓምድ አንብቢ። ከሕገ መንግሥቱ ከአንቀጽ 17 እስከ 21 ያሉትን ብትጀምሪ የምታውቂያቸው ስለሆኑ አይከብዱሽም፤ ፍርድ ቤት የመቅረቢያው 48 ሰዓትም፣ የዋስትናውም፣ ያለመናገር መብቱም እዚያው ነው። «ጊዜ ቀጠሮ»ን፣ «ብርበራ»ን፣ «ፍሬ ነገር»ን እንግሊዝኛው ምን እንደሚላቸው በሁለት ዓምድ ደብተር ጻፊ። በቀን አምስት ቃል ከሦስት ወር በኋላ ከ400 በላይ ነው።

ጊዜውን በቁጥር እንየው፤ ሰው የሚሰበረው እዚህ ላይ ነውና። 5 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ ነጥብ) የሆነ አንድ ኮርስ ከክፍል እስከ ግል ጥናት 135 ሰዓት ገደማ ይታሰብለታል። አራት ኮርስ ከያዝሽ 540 ሰዓት ነው፤ በ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ወደ 34 ሰዓት። ሙሉ የፖሊስ ሥራና ሁለት ልጅ ላይ ይህ አይቻልም። ሦስት ኮርስ 25 ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ ቅዳሜና እሁድ 12ቱን ክፍል ውስጥ ብትጨርሺ የቀረውን በአምስቱ የሥራ ቀናት ሁለት ሁለት ሰዓት ተኩል አድርገሽ ትሸፍኚዋለሽ። ስለዚህ መርሐ ግብሩ ከፈቀደ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ከሦስት ኮርስ አትለፊ። ባለቤትሽም ይህን ቁጥር ቁጭ ብሎ ይየው። «ታግዘኛለህ?» ከማለት «ቅዳሜና እሁድ ልጆቹን ከጠዋት እስከ ማታ አንተ ትይዛለህ፤ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ተኩል እኔ አልጠራም» ማለት ይሻላል።

ስለ ፈረቃው፦ ፈቃዱ በቃል ከሆነ አለቃ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ለመምሪያው ማመልከቻ ጻፊ፣ የትምህርት መርሐ ግብሩን አያይዢ፣ መልሱ በደብዳቤ ይሁን፣ አንድ ቅጂ የግል ማኅደርሽ ውስጥ ይግባ። ቅዳሜ የሚለዋወጥሽ ባልደረባ ካለ ልውውጡ ተረኛ መዝገብ ላይ በሁለታችሁ ፊርማ ይስፈር፤ አንድ ቀን ችግር ቢፈጠር ሥራ ጥለሽ እንደሄድሽ እንዳይቆጠር። ልዩ ግዳጅ ከፈተና ጋር መግጠሙ አይቀርም። ያን ጊዜ ከመሥሪያ ቤትሽ ደብዳቤ ይዘሽ ከፈተናው በፊት ለመምህሩና ለትምህርት ክፍሉ አሳውቂ፣ ውጤትሽ ኢንኮምፕሊት (ያልተጠናቀቀ) ተብሎ እንዲያዝ ጠይቂ። ከፈተናው በኋላ የሚመጣ ደብዳቤ ሰሚ አያገኝም። ሴሚስተሩ ጭራሽ ካልሆነልሽ ዝም ብለሽ አትቅሪ፤ የዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ) ፎርም ሞልተሽ ክሊራንስ ውሰጂ። በሥርዓት የወጣ በሥርዓት ይመለሳል፣ የጠፋ ሰው ግን ከመጀመሪያው ሊጀምር ይችላል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት ብለሽም ሰዓት አታጣቢ፤ ክረምት ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ መኪናው ሁሉ መብራት አብርቶ ነው የሚያዘግመው። የ2:30 ክፍል ካለሽ 1:00 ሰዓት መነኻሪያ ሁኚ። የክፍል ክትትል ቢያንስ 80 በመቶ የሚጠይቁ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ናቸው፣ ማርፈዱ ተደምሮ ከፈተና ያስቀራል።

ስለ ማዕረጉ አንድ ነገር ብቻ። ማዕረግ የቆይታ ጊዜን፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘናን፣ ሥነ ምግባርንና ሥልጠናን እያየ ይሰጣል፤ ዲግሪ ብቻውን ኮከብ አይጭንም። ብዙዎች የሚያዝኑት በተመረቁ ማግስት ዕድገት ጠብቀው ሲቀሩ ነው። ከመመዝገብሽ በፊት ሰው ሀብት ሄደሽ የምትፈልጊው የሥራ መደብ ተፈላጊ ችሎታ ላይ የመረጥሽው ትምህርት «አግባብነት ያለው» ተብሎ መጻፉን እዪ። መሥሪያ ቤቱ የሚከፍልልሽ ከሆነም ውሉን ሳትፈርሚ ሦስት መስመር ፈልጊ፦ ከተመረቅሽ በኋላ ስንት ዓመት ታገለግያለሽ፣ አቋርጠሽ ብትወጪ የምትመልሺው ገንዘብ ስንት ነው፣ ሌላ ቦታ ቢያዛውሩሽ ትምህርቱ ምን ይሆናል። ሦስተኛው በብዙ ውል ላይ ስለሚዘለል ካጣሽው እንዲጻፍ ጠይቂ።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ሲወጣ 2.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያው ቀጥዪ። ለምረቃ የሚጠየቀው 2.00 ቢሆንም ከ2.5 በታች የጀመረ ሰው አንድ መጥፎ ሴሚስተር ከመጣበት ወደ ማስጠንቀቂያ ሊወርድ ይችላል፤ ከ2.5 በታች ካመጣሽ ወደ ሁለት ኮርስ ዝቅ በዪ። እስከዚያው የተመለሱብሽን ሁለት መዝገቦች አውጪና ዐቃቤ ሕጉ የጻፈውን የመመለሻ ትእዛዝ ከአንቀጹ ጎን አስቀምጠሽ አንብቢያቸው። የትኛው ፍሬ ነገር እንደጎደለ በራስሽ እጅ በአንድ መስመር መጻፍ ከቻልሽ ትምህርቱን ሳትመዘገቢ ጀምረሻል።